ጡንቻ ብቻውን በር አይጠብቅም

ዓርብና ቅዳሜ ማታ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በናይንዝ ስትሪትና በዩ ስትሪት አካባቢ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲል የኢትዮጵያ ምግብ ቤቱ መልኩን ይለውጣል። መሶቡ ይነሳል፣ ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ይገፋል፣ ኪቦርዱ ይዘረጋል፣ መብራቱ ደብዘዝ ይላል። ሽሮና ክትፎ ሲበላበት ያመሸው ቤት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጭፈራ ቤት ይሆናል። ባለቤቱም ዙሪያውን ይቃኝና ከፓርኪንግ ሥራው ገና የመጣውን፣ ትከሻው ሰፋ ያለውን ልጅ ይጠራል። «አንተ ልጅ፣ ዛሬ በር ላይ ቁምልኝ። ሰካራም እንዳታስገባ፤ የሚረብሽ ካለም አውጣልኝ» ይለዋል። ቅጥሩም፣ ሥልጠናውም፣ መመሪያውም በዚህች ቃል ያበቃል። ልጁ ጥቁር ጃኬት ለብሶ ይቆማል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በፖስታ የታጠፈች ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አብዛኛውን ሌሊት ክፉ ነገር አይደርስም። ጉዳዩ ሳይነሳ የሚታለፈውም ለዚህ ነው። አንድ ሌሊት ግን አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይወድቃል፣ ጭንቅላት ከእግረኛ መንገድ ሲሚንቶ ጋር ይጋጫል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ጀመረው?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ይህን ሰው በር ላይ ማን አቆመው? ማን አሠለጠነው? ፈቃድ አለው ወይ? የቤቱ የጽሑፍ መመሪያ የት አለ?» የሚሉትም ይከተላሉ። ለእነዚህ ጥያቄዎች የተዘጋጀ መልስ ያላቸው የኢትዮጵያውያን ቤቶች ስንት ናቸው?

በር ላይ መቆም ሙያ ነው። ሙያ ከሆነ ደግሞ ደረጃ፣ ሥልጠና፣ ፈቃድና ተገቢ ክፍያ ሊኖረው ይገባል። ይህን የሚያስታውስ አሳዛኝ ታሪክ ለዲሲ ኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም፤ የደረሰው በዚያው ጎዳና ላይ ነው።

ከዚያው ጎዳና

ኦክቶበር 15 ቀን 2010 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ፣ ከኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የተገኘ የ27 ዓመት የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ወጣት በናይንዝ ስትሪት ወደሚገኝ አንድ ናይት ክለብ ሄደ። ቤቱ ሊዘጋ ተቃርቦ ስለነበር መግባት አትችልም ተባለ። እንደ ፖሊስ ገለጻ ወጣቱ ተናዶ በቤቱ መስኮት ላይ ጡብ ወረወረ። የክለቡ ሰዎችም በሩን ትተው እየሮጡ ተከተሉትና ያዙት። ወጣቱ ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ሕይወቱ አለፈ።

አምስት ሰዎች ታሰሩ። መጀመሪያ በነፍስ ግድያ ተከሰሱ፤ ቀጥሎ ክሱ ወደ ከባድ ድብደባ ዝቅ አለ፤ በኖቬምበር ደግሞ ጨርሶ ተነሳ። ተከሳሾቹ ወጣቱን አልደበደብንም ብለው ተከራክረዋል። በዲሴምበር የከተማው የአስከሬን ምርመራ መሥሪያ ቤት አሟሟቱ በሰው እጅ የደረሰ ነው ሲል መዘገበ። በምክንያትነት የዘረዘራቸው ግን የልብ ችግር፣ አልኮል፣ በግዳጅ ተይዞ መታገል፣ እንዲሁም «ኤክሳይትድ ዴሊሪየም» የሚባለው ሁኔታ ነበሩ። በመጨረሻ በወጣቱ ሞት ጥፋተኛ የተባለ ሰው የለም።

ያን ጊዜ ወገን ዝም አላለም። ሻማ ይዞ ወጥቷል፣ ከክለቡ ፊት ለፊት ቆሞ ፍትሕ ጠይቋል። የጠየቀውም ተገቢ ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ በ2023፣ የአሜሪካ የአስከሬን መርማሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ያንን «ኤክሳይትድ ዴሊሪየም» የተባለ ስያሜ ለሞት ምክንያትነት እንደማይቀበለው አስታወቀ። የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞች ኮሌጅም ስያሜውን ሲደግፍ የቆየውን የ2009 ጽሑፉን በዚያው ዓመት ሰረዘ። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በሕግ አገደው። ለቤተሰቡ ይህ ሁሉ የመጣው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ ክርክሩ ሁሉ ተደበደበ ወይስ አልተደበደበም በሚለው ላይ ነበር። ከዚያ የቀደመ፣ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ግን ነበረ። በር ጠባቂ ለምን በሩን ለቅቆ ሮጠ? በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሰው ቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ሥራው በሩና ግቢው ላይ እንደሚያበቃ ነው። ጥፋት ያደረሰው ሰው ከሸሸ መልኩን፣ ልብሱን፣ የሄደበትን አቅጣጫ መዝግቦ ለፖሊስ ይደውላል። የተሰበረ መስኮት በኢንሹራንስ ገንዘብ ይተካል። የጠፋች ነፍስ በምን ትተካለች?

ሰው በደረቱ ሲተኛ

የሠለጠነና ያልሠለጠነ ሰው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ሌላው ሰው መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ያልሠለጠነው ሰውየው እንዳይነሳ በማለት በደረቱ አስተኝቶ ከላይ ይጫነዋል። ሁለት ሦስት ሰው ይረዳዋል፤ አንዱ ጀርባው ላይ፣ አንዱ እግሩ ላይ፣ አንዱ አንገቱ ላይ። ታዲያ የተጫኑት ሰው የሚታገለው ለመማታት ሳይሆን ለመተንፈስ ሊሆን ይችላል። በታገለ ቁጥር «እምቢ አለ» ተብሎ ጫናው ይጨምራል። የጠጣ፣ የሮጠ፣ ወፍራም የሆነ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በዚህ ሁኔታ ፈጥኖ ሊሞት ይችላል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ገና በ1995 ለፖሊሶች ባሰራጨው ማስጠንቀቂያ፣ የተያዘ ሰው ካቴና እንደገባለት ወዲያው ከሆዱ ላይ መነሳት አለበት ብሎ ነበር። ከ25 ዓመት በኋላ፣ ሜይ 25 ቀን 2020፣ ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ አስፋልት ላይ በደረቱ ተኝቶ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሲሞት ዓለም ሁሉ አየ። ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ። ፍሎይድም ሆነ አንገቱ ላይ የተንበረከከው ፖሊስ ዴሪክ ሾቪን በአንድ ናይት ክለብ የጥበቃ ሥራ ሠርተው ነበር፤ ፍሎይድ ከውስጥ፣ ሾቪን ከፖሊስ ሥራው ውጭ ባለው ሰዓት ከደጅ። ደመወዝ የከፈላቸው ያው አንድ ቤት ነው። የበር ሥራ ሁለቱንም ዓይነት ሰው ያስተናግዳል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የቤቱ ሥርዓት ነው።

አንድ ጣሳ በርበሬ፣ ሃያ አንድ ሬሳ

አደጋው በአንድ ሰው ሞት ላይ የማይቆምበት ጊዜም አለ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2003 በቺካጎ ኢ-ቱ በተባለ ናይት ክለብ፣ ከሁለተኛው ፎቅ ላይ ጠብ ተነሳ። የቤቱ ጠባቂዎች ጠቡን ለመበተን በርበሬ የሚረጭ ጋዝ ተጠቀሙ። የታፈነው ሕዝብ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ወደ አንዱ ደረጃ ነጎደ። ከላይ የሚመጣው ከታች የወደቀውን ረገጠው። ሃያ አንድ ሰዎች ሞቱ። ያ ሁለተኛ ፎቅ እንዲዘጋ አስቀድሞ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጥቶበት ነበር። ጠቡ ራሱ ማንንም አልገደለም፤ የገደለው ጠቡን ለማብረድ የተወሰደው እርምጃ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ በሮድ አይላንድ ክፍለ ግዛት ዘ ስቴሽን በተባለ ክለብ ርችት እሳት አስነስቶ 100 ሰዎች አለቁ። ብዙው ሰው የሮጠው በገባበት በር ነበር፤ በዚያ ተደራርቦ መውጫው ተዘጋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰውን ወደ ሌላው መውጫ የሚመራ፣ ያ በር እንዳልተቆለፈና ወንበር እንዳልተከመረበት ከምሽቱ ጀምሮ ያረጋገጠ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው በረኛው ነው። ከወጥ ቤት በስተጀርባ ያለውን በር የጤፍ ጆንያ ወይም የቢራ ሣጥን የዘጋበት ቤት ባለቤት ይህን ደግሞ ደጋግሞ ቢያስብበት ይጠቀማል።

በር ላይ የሚቆመው ሰው ማንነትም አንድ ትልቅ ጉዳይ ነው። በ2006 በኒውዮርክ ከተማ አንዲት የ24 ዓመት የወንጀል ሳይንስ ተማሪ ለመዝናናት ከገባችበት ባር ከወጣች በኋላ ተገድላ ተገኘች። በ2009 በግድያው የተፈረደበት ሰው የዚያው ባር ባውንሰር ነበር። በተደጋጋሚ በወንጀል የተፈረደበትና በአመክሮ የተለቀቀ ሰው ነው። የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ሕግ ከ1992 ጀምሮ የጥበቃ ሠራተኛ አሻራ እንዲሰጥና እንዲመዘገብ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የ8 ሰዓት፣ ከጀመረ በኋላ የ16 ሰዓት፣ በየዓመቱም የ8 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስድ ያዝዛል። ሕጉ ነበረ፤ የሚያከብረው ቤት ግን ጠፋ። ወረቀት ላይ ያለ ሕግ ደግሞ ደጃፍ ላይ የቆመን ሰው አያውቅም።

ሌሎች አገሮች

ብሪታንያ በዚህ ረገድ የሄደችበት መንገድ ሊታይ የሚገባው ነው። በ1990ዎቹ የናይት ክለብ በር በብዙ የእንግሊዝ ከተሞች የወሮበሎች ንብረት ሆኖ ነበር። በሩን የያዘ ቡድን ከውስጥ ማን አደንዛዥ ዕፅ እንደሚሸጥ ይወስናል ይባል ነበር። ፓርላማው በ2001 የግል ጥበቃ ኢንዱስትሪን የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ በ2003 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ። ዛሬ በዚያ አገር አልኮል የሚሸጥበት ቤት በር ላይ የሚቆም ሰው፣ የኩባንያ ተቀጣሪም ሆነ የቤቱ የራሱ ሠራተኛ፣ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ወንጀል እንደሌለበት ይጣራል፣ ፈተና ያልፋል፣ ፈቃዱን ሰው በሚያየው ቦታ ያንጠለጥላል። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ሳይኖረው ፈቃድ አያገኝም። ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው፤ ያለ ፈቃድ ማሠራትም እንዲሁ። ጀርመንም ከ2003 ጀምሮ የዲስኮ በር ጠባቂ በንግድ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የሙያ ፈተና እንዲያልፍ ታስገድዳለች።

ፈቃድ ግን የሁሉ ነገር መፍትሔ ነው ማለት አይደለም። በ2017 በማንቸስተር አሬና 22 ሰዎች በአጥፍቶ ጠፊ ቦምብ ሞተዋል። ጉዳዩን ያጣራው መርማሪ ጉባኤ በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ አጥፊውን ለማስቆም የነበሩ ዕድሎች መባከናቸውን ገልጿል። ከፍንዳታው ጥቂት ቀደም ብሎ የ18 ዓመት ወጣት የጥበቃ ሠራተኛ ሰውየውን ተጠራጥሮት ነበር። ቢሳሳት ዘረኛ እንዳይባል መፍራቱን፣ በሬዲዮ ለአለቆቹ ለመናገር ሞክሮም መስመር አለማግኘቱን ለጉባኤው ተናግሯል። ልጁ ፈቃድ ነበረው። ያልነበረው የሚያማክረው ሰው፣ የሚሠራ ሬዲዮ፣ በራሱ ፍርድ እንዲተማመን የሚያደርግ ልምምድ ነው። በዲሴምበር 2022 ደግሞ በለንደን ብሪክስተን በአንድ ናይጄሪያዊ ዘፋኝ ኮንሰርት በር ላይ በደረሰ መጨናነቅ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። አንደኛዋ ሟች በር ላይ በጥበቃ ሥራ ላይ የነበረች ሠራተኛ ነበረች። በሩ ሲሰበር የሚረገጠው መጀመሪያ በረኛው መሆኑን ይህ ያሳያል።

ብሪታንያ ከማንቸስተሩ ጥፋት ተምራ በ2025 ሌላ ሕግ አጽድቃለች። ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ቤቶች ለእንዲህ ያለ አደጋ አስቀድመው ዕቅድ እንዲያወጡ ያስገድዳል፤ ተግባራዊ የሚሆነውም ቢያንስ የሁለት ዓመት መዘጋጃ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ነው። በዲሲም ቢሆን የናይት ክለብ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የጽሑፍ የጥበቃ ዕቅድ ለከተማው ማቅረብ አለበት። ሠራተኞቹ ግጭት ስለማብረድ ምን እንደተማሩ፣ ጠብ ሲነሳ ምን እንደሚደረግ፣ ካሜራዎቹ የት የት እንዳሉ በዚያ ይጻፋል። ምግብ ቤት ነኝ ብሎ ፈቃድ አውጥቶ ከአራት ሰዓት በኋላ ጭፈራ ቤት የሚሆን ቤት ግን ይህን ዕቅድ ይዞታል ወይ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

በረኛው ምን ይሠራል?

ሰው በረኛ ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣው ክንዱን አጣጥፎ የቆመ ግዙፍ ሰው ነው። ሥራውን የሚያውቁት ግን ከክንድ ይልቅ ዓይንና ምላስ እንደሚበልጥ ይናገራሉ። ጥሩ በረኛ ሰው ወደ በሩ ሲመጣ ከሩቁ አረማመዱን ያያል። ሲያናግረው ከትንፋሹና ከአነጋገሩ መጠጡን ይለካል። መታወቂያውን ሲያይ የትውልድ ዘመኑን ብቻ ሳይሆን ፎቶግራፉንና ፊቱን ያስተያያል። በእጁ ባለችው መቁጠሪያ የገባውን ይደምራል፣ የወጣውን ይቀንሳል፤ ቤቱ 120 ሰው ይይዛል ከተባለ 121ኛው የሚገባው አንድ ሰው ሲወጣ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተፈጠረውን ነገር በመዝገብ ይጽፋል። ይህ መዝገብ ፍርድ ቤት በሚቀርብበት ቀን ከአሥር ምስክር ይበልጣል።

«አይሆንም» ማለትም ጥበብ አለው። «ውጣ!» ብሎ በሰው ፊት መጮህ ወንዱን በጓደኞቹና በእጮኛው ፊት ያዋርደዋል፤ የተዋረደ ሰው ደግሞ የሚያጣው ነገር የለም። «ወንድሜ፣ ዛሬ ይብቃህ፣ ነገ ናልኝ። ታክሲ ልጥራልህ?» የተባለ ሰው ግን የሚሸሽበት ቀዳዳ አገኘ ማለት ነው። ክብሩን ይዞ ይሄዳል። ሰክራ ብቻዋን የምትወጣን ልጅ ማን ይዟት እንደሚሄድ ማየት፣ ከመጸዳጃ ቤት ሳይመለስ የዘገየን ሰው ሄዶ ማንኳኳት፣ ደጅ ላይ የተዘረረን ሰው በጎኑ አስተኝቶ አምቡላንስ መጥራት፤ ይህ ሁሉ የእሱ ሥራ ነው። በፊልም የማይታየው ግን ሌሊት ሌሊት ነፍስ የሚያድነው ይህ ነው።

የራሱ የሰውየው ጤናም አለ። ከስፒከር አጠገብ የሚቆም ሰው ጆሮው ይጎዳል። የአሜሪካ የሥራ ጤንነት ተቋም እንደሚመክረው 85 ዴሲቤል ድምፅ ለ8 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ግን ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ናይት ክለብ ውስጥ 100 ዴሲቤል እንግዳ ነገር አይደለም። ጥቂት ሳንቲም የምታወጣ የጆሮ መድፈኛ የምትገዛለት ቤት ግን ብርቅ ናት።

የአገር ልጅ በር

የኢትዮጵያውያን ቤት በር ከሌላው የሚለይበት የራሱ ጣጣ አለው። ለሌላ ክለብ በረኛ የሚመጣው ሁሉ እንግዳ ነው። ለአበሻ ቤት በረኛ ግን ሁሉም ዘመድ ነው። አንዱ የአክስቱ ልጅ፣ አንዱ የሰፈር ጓደኛ፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያን አብሮት የሚያስቀድስ። መታወቂያ ሲጠይቅ «እኔን? አንተ ልጅ፣ አባትህን አውቀዋለሁ!» ይባላል። በዕድሜ አባቱ የሚሆኑ ሰው አብዝተው ጠጥተው የመኪና ቁልፍ ሲያወጡ «ጋሼ፣ እባክዎ አይንዱ» ለማለት አንደበቱ ይያዛል። ቤቱ ሞልቷል ቢል ኮርቷል ይባላል። በመጨረሻም ሁሉንም ያስገባና 120 ሰው የሚይዘው ቤት 200 ሰው ይዞ ያድራል። ይሉኝታ የእሳት አደጋ ሕግን አይሽርም።

ከአገር ቤት የመጣው መቃቃርም በሩ ላይ ያርፋል። ዘፋኙ የዘፈነው ዘፈን፣ አንዱ የለበሰው ባንዲራ ያለበት ካናቴራ፣ ሌላው በምን ቋንቋ እንደተናገረ፤ በዚህ ሁሉ ሌሊት ላይ ጠብ ሊነሳ ይችላል። በረኛው ራሱ ከአንዱ ወገን እንደሆነ ከተጠረጠረ ማስወጣቱ ሁሉ የፖለቲካ ትርጉም ይሰጠዋል። ስለዚህ የቤቱ ደንብ በጽሑፍ ተለጥፎ፣ በሁሉም ላይ እኩል የሚሠራ ሊሆን ይገባል። በረኛው «ደንቡ ነው» ብሎ ማመልከት ሲችል ጠቡ ከእሱ ጋር መሆኑ ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን በራሱ በበረኛው ላይ ያለው ነው፤ ስለ እሱም የሚናገር የለም። በር ላይ ከሚቆሙት ልጆች ብዙዎቹ የአሜሪካ ዜግነት የላቸውም። አንዳንዱ ግሪን ካርድ አለው፣ አንዳንዱ ጥገኝነት ጠይቆ ቀጠሮውን የሚጠብቅ ነው። በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ የኃይል ድርጊት ያለበት ወንጀል ፈጽሞ የአንድ ዓመት እስራት የተፈረደበትን የውጭ ዜጋ ከባድ ወንጀለኛ ብሎ ለመባረር ያጋልጠዋል። ፍርዱ በገደብ ታግዶ አንድም ቀን ባይታሰር እንኳ ይቆጠርበታል። እንግዲህ ለአንድ ሌሊት ክፍያ ብሎ በር ላይ የቆመ ልጅ፣ በንዴት በሰነዘራት አንዲት ቡጢ የስንት ዓመት ልፋቱን፣ ሊያመጣት ያሰበውን ሚስቱን፣ በየወሩ ገንዘብ የሚልክላትን እናቱን አብሮ ያጣል። «አውጣልኝ» ያለው ባለቤት ይህን ነግሮታል? ራሱስ ያውቀዋል?

ባለቤቶቹ ምን ይላሉ?

ባለቤቶቹም የራሳቸው ሐሳብ አላቸው፤ ሊሰማ የሚገባውም ነው። «ኪራዩ ሰማይ ነክቷል፣ ጤፉ ተወዷል፣ ደንበኛው ሁለት ቢራ ይዞ ሌሊቱን ያነጋል። ፈቃድ ያለው ጥበቃ ከኩባንያ ብቀጥር ሌሊቱ ኪሣራ ነው» የሚል ባለቤት ሐሰት አልተናገረም። «ባዕድ ሰው በር ላይ ባቆም ደንበኛው ይቀየመኛል» የሚለውም እውነት አለበት። የሐበሻን ቀልድና ቁጣ የማይለይ ጠባቂ ተራውን ጭቅጭቅ ጠብ አድርጎት ፖሊስ የጠራበት ጊዜ ይኖራል።

ይሁንና ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ይሠራ። አንድ ሰው ቢጎዳ የሚከሰሰው በረኛው ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱም ነው። ያልሠለጠነ ሰው ማቆሙ ራሱ ጥፋት ሆኖ ይቀርብበታል። ኢንሹራንሱ «የጥበቃ ሥራ በውሉ የለም» ሊለው ይችላል። የመጠጥ ፈቃዱ ሊታገድበት ይችላል። ሃያ ዓመት የተለፋበት ቤት በአንድ ሌሊት ሊዘጋ ይችላል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የሁለት ልጆች የሥልጠና ክፍያ የአንድ ቅዳሜ ገቢ ቁራሽ ነው። መፍትሔውም የግድ ባዕድ መቅጠር አይደለም። ቋንቋውን የሚያውቀው፣ ጋሼንና እትዬን በክብር የሚያናግረው የአገር ልጅ ለዚህ በር የተሻለ ሰው ነው፤ የጎደለው ሥልጠናና ፈቃድ ብቻ ነው። ያንን ይስጡት።

አንዳንዱ «የነጭ ክለብ ልጃችንን ሲገድል እንጮሃለን፤ የራሳችንን ቤት ግን ለምን ታነሳላችሁ?» ይል ይሆናል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። በ2010 ሻማ ይዞ የቆመ ሕዝብ የጠየቀው ደንብ በሁሉም በር ላይ ካልሠራ ጥያቄው ጥላቻ እንጂ ፍትሕ አይሆንም። ደግሞም የጥቁር ወጣትን «ልብስህ አይሆንም» እያለ የሚመልስ ክለብ ያስመረረው ሰው፣ በራሱ ቤት በር ላይ ሌላውን በመልኩ ወይም በስሙ እንዳይመልስ ደንብ ያስፈልገዋል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፦ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሙዚቃ የሚያሰማ ማንኛውም የኢትዮጵያውያን ቤት ያለው ፈቃድ ለሚሠራው ሥራ የሚበቃ መሆኑን ያጣራ። የጥበቃ ዕቅዱን በጽሑፍ ያዘጋጅ፤ ለሠራተኛው ሁሉ በአማርኛም ጭምር ያንብብለት።

ሁለተኛ፦ በር ላይ የሚቆም ሰው በሚሠራበት ግዛት ሕግ የተመዘገበ ይሁን። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጎረቤት ቢሆኑም ሕጋቸው አንድ አይደለም። አሌክሳንድሪያ አድሮ ዓርብ በዲሲ፣ ቅዳሜ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚቆም ልጅ በአንዱ ወረቀት ሁሉም ቦታ እሠራለሁ ብሎ እንዳይታለል።

ሦስተኛ፦ ክፍያው በፖስታ ሳይሆን በሰዓት፣ በደረሰኝ፣ በውል ይሁን። ቢጎዳ የሚታከምበት፣ ቢከሰስ ቤቱ የሚቆምለት መሆኑ ይጻፍለት። በፖስታ የተከፈለ ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ «አላውቀውም» ሊባል ይችላል።

አራተኛ፦ ሦስት ክልክል ነገሮች በደማቅ ተጽፈው ይለጠፉ። ሸሽቶ የሄደን ሰው ተከትሎ መሮጥ፣ ሰውን በደረቱ አስተኝቶ መጫን፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ የበርበሬ ጋዝ መርጨት። እነዚህ ሦስቱ ቢከበሩ ከላይ ከተነገሩት ሞቶች ስንቱ በቀረ!

አምስተኛ፦ የማኅበረሰብ ማዕከላትና የነጋዴዎች ማኅበራት ባለቤቶቹን አሰባስበው ሥልጠናውን በጋራ ያዘጋጁ። ለአንድ ቤት የሚከብደው ለአሥር ቤት ይቀላል። የኢሚግሬሽን ጠበቃ አንድ ምሽት መጥቶ ለልጆቹ ስለዚያ የ1996 ሕግ ቢነግራቸው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚያስተምር ነርስ ከመካከላቸው ቢገኝ፣ ወጪው ከቡናና ዳቦ አይበልጥም። በዚህ ከተማ ነርስም ጠበቃም የሆነ ኢትዮጵያዊ ሞልቷል።

ደንበኛውም ድርሻ አለው። «ቤቱ ሞልቷል» ሲባል መመለስ፣ መታወቂያ ሲጠየቅ ሳይቆጡ ማሳየት፣ «ጋሼ አይንዱ» ሲባል ቁልፉን መስጠት ከማንም ክብር አይቀንስም። የከበረ ሰው ደንብ የሚያከብር ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የፊታችን ቅዳሜ ምሽት አራት ሰዓት ሲል መሶቡ ይነሳል፣ ኪቦርዱም ይዘረጋል። ጥቁር ጃኬት የለበሰ አንድ ልጅ በር ላይ ይቆማል። ከበሩ ማዶም ጠጥቶ የመጣ ሌላ ልጅ ይቆማል። ሁለቱም የሰው ልጆች ናቸው፤ ሁለቱንም የምትጠብቅ እናት አለች፣ አንዷ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዷ ምናልባት በአዲስ አበባ ወይም በደሴ። ሁለቱም ልጆች በሰላም ወደ ቤታቸው እንዲገቡ ያ በር በሚያውቅ ሰው መጠበቅ አለበት።